አሳዳጊ ሲታመም ልጁን ማን ይረከባል?

በወረርሽኝ ወቅት ሕፃናትን ከጥቃት ስለ መጠበቅና ስለ አማራጭ ክብካቤ

በአዲስ አበባ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ እንጀራ እየጋገረች የምትተዳደር እናት እንደ ምሳሌ ትወሰድ። ሁለት ልጆች አሏት፤ አንዷ የ11 ዓመት ልጅ ናት፤ ሌላው የሁለት ዓመት ሕፃን ነው። ሳል ከጀመራት በጥቂት ቀናት ውስጥ ትንፋሿ ያጥራል፤ ምርመራው የኮሮና ቫይረስ በሽታ እንዳለባት ያረጋግጣል፤ አምቡላንስም ተጠርቶ በር ላይ ይቆማል። የመከላከያ ልብስ የለበሰው የጤና ባለሙያ ስለ ሕመሟ ብዙ ጥያቄዎችን ያቀርባል። ስለ ልጆቹ ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጆቹን የሚይዝልዎ ሰው አለ?» እናቲቱ መልስ ለመስጠት ያላት ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም። ሁለቱ ልጆች በቀጣዮቹ ሳምንታት የሚያድሩበት ቤት፣ የሚበሉት ምግብና የሚጠብቃቸው ሰው የሚወሰነው ግን በእነዚያ ደቂቃዎች ነው።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህ ጥያቄ አምቡላንሱ ከመድረሱ በፊት በየቤቱ እንዲነሣ ማድረግ ነው።

ኮቪድ-19 በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ ቀላል ሕመም ብቻ ያስከትላል። በሕፃናት ላይ የሚደርሰው ከባድ ጉዳት በአብዛኛው የሚመጣው በሚያሳድጓቸው ሰዎች በኩል ነው። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደገመተው፣ ከመጋቢት 2020 እስከ ሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ባሉት 14 ወራት ብቻ በዓለም ዙሪያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ወላጃቸውን፣ የሚያሳድጓቸውን ወይም አብሯቸው የሚኖር አያት ወይም ሌላ አረጋዊ ዘመዳቸውን በሞት አጥተዋል። ከሞት የተረፉ፣ ነገር ግን ለሳምንታት ከቤት የተለዩ አሳዳጊዎች በዚህ ቁጥር ውስጥ አልገቡም።

ከዓይን የራቀ ልጅ

በሽታው በኢትዮጵያ መገኘቱ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎችም ቤት ዋሉ። ውሳኔው የሥርጭቱን ፍጥነት ለመግታት የተወሰደ ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት ትምህርት ብቻ የሚሰጥበት ቦታ አይደለም። በልጅ ክንድ ላይ ያለውን ሰንበር ቀድሞ የሚያየው፣ ሦስት ቀን የቀረችውን ተማሪ የት እንደገባች የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ መምህር ነው። በዚያው ሰሞን ጎረቤት ለጎረቤት ቡና መጠራራቱም ቀረ፤ ዕድሩና ማኅበሩም ስብሰባቸውን አቋረጡ። ልጅን በየዕለቱ የሚያዩ ዓይኖች በአንድ ጊዜ አነሱ። በአንጻሩ ልጁ ገቢው ከተቋረጠበት፣ ከተጨነቀና ከተቆጣ አዋቂ ጋር በአንድ ክፍል የሚውልበት ሰዓት ጨመረ።

በሕፃናት ላይ ጥቃት የሚፈጽመው ሰው በአብዛኛው ልጁ የሚያውቀው፣ ቤተሰቡም የሚያምነው ሰው ነው። «ልጄ ከቤት አትወጣም፣ ስለዚህ ደኅና ናት» የሚለው አስተሳሰብ ስለ ቫይረሱ ከሆነ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስለ ጥቃት ከሆነ ግን ማስተማመኛ አይሆንም።

የምዕራብ አፍሪካ ልምድ በዚህ ረገድ ትምህርት ሰጪ ነው። በኢቦላ ወረርሽኝ ምክንያት የሴራሊዮን ትምህርት ቤቶች ከ2014 እ.ኤ.አ. አጋማሽ እስከ ሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. ተዘግተው ቆዩ። በእነዚያ ወራት ብዙ ታዳጊ ልጃገረዶች አረገዙ። ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ደግሞ እርግዝናቸው የሚታይ ልጃገረዶች ወደ ክፍል እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች በዚህ መንገድ ሁለተኛ ጊዜ ተቀጡ።

በአገራችንም ተመሳሳይ ሥጋት አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆነ ሴቶች ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ያገቡት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። በብዙ የገጠር አካባቢዎች ሠርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሲሆን፣ በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች የተዘጉት ፋሲካ ሲቃረብ ነበር። የተቸገረ ወላጅ ልጁን ለባል የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም፤ «እኔ ብሞት በሰው እጅ ከምትወድቅ በባሏ ቤት ትቀመጥልኝ» በሚል ሐሳብ ነው። በሌላ አነጋገር ጋብቻው እንደ አማራጭ ክብካቤ ይታሰባል። ነገር ግን ያለ ዕድሜ ጋብቻ በወንጀል ሕጉ የተከለከለ ነው፤ የልጅቱን አካል ለአደገኛ እርግዝናና ወሊድ ያጋልጣል፤ ከትምህርት ገበታም ያስቀራታል። ወላጅን ሥጋቱ ትክክል እንዳልሆነ መንገር አይጠቅምም፤ ሥጋቱ እውነተኛ ነውና። የሚጠቅመው ለሥጋቱ ሌላ መልስ ማሳየት ነው።

ስለ ቅጣት

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ወይም ከጭካኔ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። የወንጀል ሕጉ ደግሞ ልጅን የሚያሳድግ ሰው ልጁን እንዳያሰቃይና እንዳይበድል ይከለክላል። ሆኖም ዱላ፣ ቁንጥጫ፣ ለረጅም ሰዓት ማንበርከክና በበርበሬ ማጠን አሁንም ድረስ እንደ ተግሣጽ የሚታዩባቸው ቤቶች አሉ። በተለይ በርበሬ ማጠን የልጁን የመተንፈሻ አካል በቀጥታ የሚያቃጥል ድርጊት ነው። አስም ያለበትን ልጅ ሕይወት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። የመተንፈሻ አካል በሽታ በተስፋፋበት ጊዜ ይህ በልጆች ላይ እየተፈጸመ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

የተቆጣ አዋቂ ልጁን ለአፍታ በአስተማማኝ ቦታ ትቶ ወደ ደጅ ቢወጣ፣ ፊቱን ቢታጠብ ወይም ለሚያምነው ሰው ስልክ ቢደውል የሚጓደል ነገር የለም። ለልጁ ጥፋቱን መንገር፣ የሚወደውን ነገር ለተወሰነ ጊዜ መከልከልና በጎ ሲሠራ ማመስገን ከዱላ ይልቅ ጠባይን እንደሚያርቁ በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ የወላጅነት ሥልጠናዎች አሳይተዋል።

አያት ቤት

በምሳሌው የተጠቀሰችው እናት «የሚይዝልዎ ሰው አለ?» ስትባል መጀመሪያ የሚመጣላት የራሷ እናት ስም ነው። ይህ ተፈጥሯዊ ነው፤ በአገራችን የልጅ ሁለተኛ ቤት አያት ቤት ነው። በኮቪድ-19 ወቅት ግን ከሁሉ በፊት ሊጤን የሚገባው ይኸው ምርጫ ነው። ልጆቹ ከታማሚዋ ጋር በአንድ ክፍል ሲኖሩ ስለቆዩ ቫይረሱ ሊኖርባቸው ይችላል። ምልክት ሳያሳዩም ሊያስተላልፉት ይችላሉ። አያቲቱ ደግሞ በዕድሜዋ፣ ምናልባትም ባለባት የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ምክንያት በበሽታው ለመሞት ከሁሉም የበለጠ የተጋለጠችው ሰው ናት። እንዲህ ባለ አጋጣሚ ልጆቹ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት አሳዳጊ ሊያጡ ይችላሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 14 ቀናት ልጆቹን ይዞ የሚቆየው ሰው በተቻለ መጠን ከ60 ዓመት በታች የሆነ፣ ተጓዳኝ ሕመም የሌለበትና ቢቻል የተከተበ እንዲሆን ይመከራል። ክትባቱ በአገራችን መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። አክስት፣ አጎት፣ ለአካለ መጠን የደረሰች እህት ወይም ልጆቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚያውቋት ጎረቤት ሊሆኑ ይችላሉ። ከአያት ሌላ ማንም ከሌለ ልጆቹን ወደ ማያውቁት ሰው መላክ መፍትሔ አይደለም። መስኮት መክፈት፣ የተለየ መኝታ ማዘጋጀት፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ አያቲቱና የ11 ዓመቷ ልጅ ጭምብል እንዲያደርጉ ማድረግ ይገባል። ከ5 ዓመት በታች ላለው ሕፃን ጭምብል አይደረግም።

በኢቦላ ጊዜ ከበሽታው ያገገሙ ሰዎች ወላጆቻቸው የታመሙባቸውን ሕፃናት በ21 ቀናቱ የክትትል ጊዜ በጊዜያዊ ማቆያዎች ተቀብለው ይንከባከቡ ነበር፤ በሽታው ዳግም የመያዝ ዕድሉ አነስተኛ ስለነበር ልጆቹን ሳይፈሩ ማቀፍ ችለዋል። በኮቪድ-19 ዳግም መያዝ ስለሚያጋጥም ልምዱ እንዳለ አይወሰድም። ሐሳቡ ግን ጠቃሚ ነው፤ ከበሽታው ያገገመ ወይም የተከተበ ዘመድ ባለበት ቤት መጀመሪያ የሚታሰበው እርሱ ይሁን።

መለያየት የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎችም ብዙ ናቸው። ሕመሟ ቀላል የሆነ እናት በቤቷ ሆና ልትታከም ትችላለች። እናትና ልጅ ሁለቱም ከተያዙ አብረው መቆየት አለባቸው። የምታጠባ እናት እጇን ታጥባና ጭምብል አድርጋ ማጥባቷን ትቀጥላለች፤ ጡት የማጥባት ጥቅም በቫይረሱ ምክንያት አይቋረጥም። ልጅን ከእናቱ መለየት እንደ ጥንቃቄ ብቻ ተቆጥሮ ያለ በቂ ምክንያት ሊፈጸም አይገባም።

አደራው ቀድሞ ይሰጥ

አደራ በባህላችን ከባድ ቃል ነው፤ የሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ በአልጋ ላይ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ነው። በጤና ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ማንሣት ሟርት የሚመስላቸው አሉ። የተሻለው ጊዜ ግን ያ ነው። እያንዳንዱ አሳዳጊ ልጆቹን የሚረከብ አንድ ሰው፣ እርሱ ባይገኝ ደግሞ ሁለተኛ ሰው መርጦ ፈቃደኛነታቸውን ይጠይቅ። ከዚያም አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ። በወረቀቱ ላይ የልጁ ስምና ዕድሜ፣ የተረካቢዎቹ ስልክ ቁጥር፣ ልጁ የሚወስደው መድኃኒትና የማይስማማው ምግብ፣ የክትባት ካርዱና የልደት ምስክር ወረቀቱ የተቀመጡበት ቦታ ይስፈር። ለትንሹ ልጅ በምን ስም እንደሚጠራ፣ ምን ሲደረግለት እንደሚተኛ መጻፍም ትንሽ ነገር አይደለም፤ እናቱን ያጣ የሁለት ዓመት ሕፃን የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያልፈው በእነዚህ ነገሮች ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ልጁን ማን ሊወስደው እንደማይገባም ይጻፍ። በየቤተሰቡ እናት የማታምነው፣ ነገር ግን በአደባባይ ስሙን ማንሣት የማትፈልገው ዘመድ ወይም ጎረቤት ሊኖር ይችላል። እርሷ ሆስፒታል ስትገባ «እኔ እይዛቸዋለሁ» ብሎ ቀድሞ የሚመጣው እርሱ ሊሆን ይችላል። የወረቀቱ ግልባጭ በተረካቢው፣ በሚታመን ጎረቤትና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም በዕድሩ ዳኛ ዘንድ ይቀመጥ። ነገሩን መረዳት ለሚችለው ልጅም ይነገረው፤ የ11 ዓመት ልጅ እናቷ ብትታመም ወዴት እንደምትሄድ የማወቅ መብት አላት። ይህ ወረቀት የወላጅነት ሥልጣንን አያስተላልፍም፤ ልጆቹ ለጊዜው ከማን ጋር እንደሚቆዩ ብቻ ያሳያል።

ዘመድ ካልተገኘ

በዘመድ ዘንድ መቆየት ካልተቻለ ቀጣዩ አማራጭ የአደራ ቤተሰብ ነው። ይህም ተመርጦና ተጣርቶ፣ በማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ክትትል ሥር ልጁን ለጊዜው የሚያሳድግ ቤተሰብ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ በ2001 ዓ.ም. ወጥቷል። የውጭ አገር ጉዲፈቻ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ስለተከለከለ ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ በአገር ውስጥ ቤተሰቦች ላይ ነው። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ ጉዲፈቻ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ቃል ነው፤ በአማራውም የጡት ልጅ ይባላል። አዲሱ ነገር ቤተሰቡ መጣራቱና ልጁ ከተሰጠም በኋላ የሚጠይቀው ሰው መኖሩ ነው።

የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም የመጨረሻውና ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚታሰብ ምርጫ ነው። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደ ጥናት ከተቋማት የተወሰዱ 136 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በአደራ ቤተሰብ እንዲያድጉ ተደርጓል። በቤተሰብ ያደጉት በአእምሮ ዕድገትም ሆነ ከሰው ጋር በሚኖራቸው ቅርበት በተቋም ከቀሩት የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ቤተሰብ የገቡት ደግሞ የበለጠ ተጠቅመዋል። የሁለት ዓመቱን ልጅ «ለጊዜው» ወደ ተቋም ማስገባት ይህን ዕድሜ ማባከን ሊሆን ይችላል።

ይህ ማለት ግን በተቋም ያሉ ልጆች በአንድ ሳምንት ይበተኑ ማለት አይደለም። በወረርሽኙ መጀመሪያ ወራት በጎረቤት ኬንያ ጭምር ልጆች ቤተሰባቸው ሳይዘጋጅና የሚከታተላቸው ሳይመደብ ከተቋማት ወጥተው ተልከዋል። ወደ ቤተሰብ መመለስ ተገቢ ነው፤ ልጁ ቀድሞ ከቤት የወጣበት ምክንያት ሳይታይ መመለስ ግን ልጁን ወደ ሸሸበት ጥቃት መላክ ሊሆን ይችላል። ተቋማትም ጠያቂን ሲገድቡ ተቆጣጣሪን መገደብ የለባቸውም። ልጆቹ ከቤተሰባቸውና ከተመደበላቸው ባለሙያ ጋር በስልክ በብቸኝነት የሚነጋገሩበት ሰዓት ይኑራቸው።

ጥቃት ሲደርስ

በልጅ ላይ የወሲብ ጥቃት ከደረሰ ወይም ከተጠረጠረ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ሕክምና ነው፤ ለሕክምናውም ሰዓቱ ይቆጠራል። ኤች.አይ.ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ለ28 ቀናትም ይወሰዳል። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ልትወስድ ትችላለች። ልጅቱ ከተቻለ ሳትታጠብ ትምጣ፤ የለበሰችው ልብስ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይያዝ። ታጥባ ከሆነም መምጣቷ አይቅር። በአንዳንድ ሆስፒታሎች፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ የሕክምና፣ የሥነ ልቡናና የሕግ አገልግሎት በአንድ ማዕከል ይሰጣል። ኮሮናን በመፍራት ወይም ፖሊስ እስኪመጣ በመጠበቅ እነዚህ ሰዓታት ሊባክኑ አይገባም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሽምግልና ቦታ የለውም። ሽማግሌዎች ብዙ ጠብ አብርደዋል፤ ይከበራሉም። ነገር ግን በልጅ ላይ የተፈጸመ የወሲብ ጥቃት በሁለት ቤተሰቦች መካከል የተነሣ ጠብ ሳይሆን ወንጀል ነው። በካሳ ወይም በጋብቻ የተዘጋ ጉዳይ ልጅቱን ከአጥቂዋ ጋር በአንድ መንደር ያስቀራታል። ገመናን መሸፈን የሚለው ወግም እዚህ ላይ የሚጠብቀው ልጅቱን ሳይሆን አጥቂውን ነው።

ከርክክቡ በኋላ

ልጅን ዘመድ ተቀበለው ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። የ11 ዓመቷ ልጅ በአክስቷ ቤት ውኃ ቀጂ፣ ልጅ አዛይና እቃ አጣቢ ሆና ትምህርቷን ልታቋርጥ ትችላለች፤ ለውጭ ሰው ግን «እንደ ልጃቸው ያዟት» ይባላል። የዚያ ቤት ልጆች ትምህርት ቤት ሄደው እርሷ ከቀረች፣ ለብቻዋ የምትበላ ከሆነ፣ ወይም ከወንድሟ ተለይታ ሌላ ቤት ከተላከች ጥያቄ መነሣት አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለንክኪ ክትትል በሄደችበት እግሯ ይህንንም ልታይ ትችላለች። ተረካቢው ቤተሰብ ራሱ ድሃ ከሆነም የተጨመረው አፍ ሸክም እንዳይሆንበት የጎረቤትና የዕድር ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ በብዙ ቤቶች የቁጣው መነሻ ይኸው ችግር ነው።

እናቲቱ ብትሞት ለልጆቹ እውነቱ በሚያውቁት ሰው፣ በግልጽ ቃል ይነገራቸው። «ሩቅ አገር ሄዳለች» የተባለ ሕፃን በየቀኑ በር በሩን ያያል። ሌላ ወላጅ ከሌለ ፍርድ ቤት ሞግዚትና አሳዳሪ ይሾማል፤ ሕጉም አያቶችን፣ ለአካለ መጠን የደረሱ እህትና ወንድሞችን፣ አክስትና አጎትን ያስባል። ይህ ሲደረግ ከእናቲቱ የቀረው ንብረት፣ ምጣድና ጥቂት ብር ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በዝርዝር ተጽፎ በልጆቹ ስም ይያዝ።

ብዙዎቹ ታማሚዎች ግን ይድናሉ፤ በምሳሌው ያለችው እናትም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትመለሳለች። ሕፃኑ ለቀናት ላይቀርባት፣ አክስቱን ሊፈልግ ይችላል፤ ይህ ጥላቻ ስላልሆነ አያስከፋት። አክስቲቱ አልፎ አልፎ እየመጣች ብታየው ልጁን ይረዳዋል። የ11 ዓመቷን ልጅ ደግሞ እናቷ ብቻዋን አግኝታ ልታነጋግራት ይገባል። «ደኅና ነበርሽ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «አዎ» የሚል መልስ ብቻ ያመጣል። ማታ የት ትተኛ እንደነበር፣ ከማን ጋር፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን ማን አብሯት ይቆይ እንደነበር ተራ በተራ ብትጠይቃትና ዝም ስትልም ሳትቆጣ ብትጠብቃት ይሻላል። መልሱ በዚያ ቀን ላይመጣ ስለሚችል ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሊጥ ሲቦካ ወይም ጠጉሯን ስትሠራት፣ ደግማ ትጠይቃት።